ሙጫው የያዘው ገበያ

ሳቃራ በረሃ፣ በፈርዖን ጆሰር ባለ ደረጃ ፒራሚድ ሥር፣ የአንድ የሬሳ ሣጥን ስባሪ ተገኝቷል። ዕድሜው 4,600 ዓመት ገደማ ነው። ግድግዳው ከአንድ ወፍራም ጣውላ አልተጠረበም፤ እያንዳንዳቸው 4 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሆኑ ስድስት ስስ እንጨቶች ተደራርበው፣ የአንዱ ጅማት የሌላውን እያቋረጠ፣ በእንጨት ችንካር ተያይዘው የተሠራ ነው። የግብፁ አናጢ እንዲህ የተራቀቀው ወዶ አይመስለኝም። አባይ ዳር ወፍራምና ረጅም ግንድ የሚሰጥ ዛፍ እምብዛም አይበቅልም፤ ጥሩ እንጨት በመርከብ ከሊባኖስ ነበር የሚመጣው። ያለውን ትንሽ እንጨት ማብቃቃት ነበረበት።

ያ አናጢ የተጠቀመበት ብልሃት ዛሬም አልተለወጠም። እንጨት ርጥበት ሲጠጣ የሚያብጠው በወርዱ እንጂ በቁመቱ አይደለም ማለት ይቻላል። አንዱን ስስ እንጨት በቁም፣ ቀጣዩን በአግድም ካደረጉት አንዱ ሌላውን ጨምድዶ ይይዘዋል። የዛሬ ፋብሪካዎች ንብርብሩን ብዙውን ጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ያደርጉታል፤ 3፣ 5፣ 7 እያሉ፤ ከመሐለኛው ግራና ቀኝ ያለው ጉልበት ካልተመጣጠነ ሰሌዳው ይጣመማል። (የሳቃራው ስድስት መሆኑ ትንሽ ይከነክነኛል።) ጣልያኖች ይህን እንጨት "ኮምፔንሳቶ" ይሉታል፤ የተካካሰ፣ የተመጣጠነ ማለት ነው። የእኛ አናጢዎች ቃሉን ወስደው "ኮምፔርሳቶ" አሉት።

ከፈርዖኖቹ በኋላ ለብዙ ሺህ ዓመታት ስስ እንጨት የሀብታም ቤት ዕቃ ፊት ማሳመሪያ ከመሆን አላለፈም። ነገሩን የቀየረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠራው ግንድ የሚልጥ ማሽን ነው። ግንዱ በሙቅ ውሃ ወይም በእንፋሎት ከለሰለሰ በኋላ ሁለት ጫፉ ተይዞ ይሽከረከራል፤ በቁመቱ ልክ የተዘረጋ ስለት ይጠጋዋል፤ እንጨቱም ልጣጩ ሳይበጠስ እንደሚላጥ ብርቱካን እየተተረተረ ይወጣል። ከአንድ ግንድ ብዙ ሜትር የሚረዝም የእንጨት ጨርቅ ተገኘ ማለት ነው። በ1865 ጆን ማዮ የተባለ የኒውዮርክ ሰው እነዚህን ልጣጮች አቋርጦ በማጣበቅ ለሚሠራ ሰሌዳ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ወረቀቱን አገኘ እንጂ ገንዘቡን አላገኘም።

ገንዘቡን ያገኙት በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው ሬቫል፣ በዛሬዋ ታሊን፣ የሉተር ቤተሰብ ነው። ፋብሪካቸው በ1880ዎቹ ከበርች ዛፍ ልጣጭ የወንበር መቀመጫ ይሠራ ነበር። በርች ነጭ ቅርፊት ያለው፣ ቀጭን፣ በሰሜን ምድር እንደ ልብ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ለምሰሶ ባይመችም ሲላጥ ግን እንከን የለሽ ነው። ችግሩ ሙጫው ነበር። ከከብት ቆዳና አጥንት የሚቀቀለው ሙጫ ውሃ ሲነካው ይላቀቃል። ሉተሮች በ1896 ውሃ የሚቋቋም ሙጫ ላይ ደረሱ፤ በማግስቱ ዓመት ከለንደን ነጋዴዎች ጋር ተዋዋሉ። ለምርቱ የተሰጠው "ቬኔስታ" የሚለው የንግድ ስም የመጣው "ቬኒር" ከሚለው የስስ እንጨት መጠሪያና ከኢስቶኒያ ስም ነው። ዋናው ሸቀጣቸው የሻይ ሣጥን ሆነ። ከሲሎንና ከህንድ ሻይ ጭኖ ለንደን የሚገባው ቀላል ሣጥን ከባልቲክ ጫካ የወጣ ነበር።

ከእነዚያ ሣጥኖች አንዳንዶቹ ከሻይ አገርም አልፈው ሄደዋል። ኧርነስት ሻክልተን በ1907 ወደ አንታርክቲካ ሲጓዝ ስንቁን የጫነው በቬኔስታ ሣጥኖች ነው። በረዶው ላይ ሲከርሙ ጓደኞቹ ማተሚያ ይዘው ስለነበር አንድ መጽሐፍ አሳተሙ፤ በዚያ አህጉር ተጽፎ፣ ታትሞና ተጠርዞ የወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ለሽፋን የሚሆን ካርቶን ስላልነበራቸው ባዶ ሣጥኖቹን ፈልጠው፣ አለስልሰው ጠረዙበት። ዛሬ በሙዚየም የተቀመጡት ቅጂዎች የሚታወቁት ሽፋናቸው ላይ በቀረው ጽሑፍ ነው፤ አንዱ "ቅቤ"፣ ሌላው የሾርባ ስም ይነበብበታል። የኮምፔርሳቶን ጥንካሬ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ማስታወቂያ አላየሁም።

ሣጥን ግን ቤት አይደለም። ሰሌዳው ወደ ግንባታ የገባው በሌላ በር ነው፤ በሩ ራሱ በር ነበር።

በ1905 የአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። በከተማዋ ዳርቻ ያለ አንድ ትንሽ የሣጥን ፋብሪካ አዲስ ነገር ይዞ እንዲቀርብ ተጠየቀ። የፋብሪካው ሰዎች ዳግላስ ፈር የሚባለውን የአገሩን ግዙፍ ዝግባ መሰል ዛፍ ልጠው፣ ሙጫውን በቀለም ቡሩሽ ቀብተው፣ ቤት ለማንሳት በሚያገለግል ክሪክ ጨምቀው ጥቂት ሰሌዳዎች ሠሩ። የኤግዚቢሽኑ ጎብኚዎች በጉጉት አዩት። የበር አምራቾች ግን በማየት አላበቁም፤ የበር መሐል የሚሞላ፣ የማይሰነጠቅ፣ ሰፊ ሉህ ሲፈልጉ ኖረዋልና ትእዛዝ ያጎርፉ ጀመር። በሁለት ዓመት ውስጥ ፋብሪካው ሙጫ የሚቀባ ማሽን ተክሎ በቀን 420 ሉህ ያወጣ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ የመኪና አምራቹ ነው። በ1920ዎቹ መኪኖች ከበራቸው ሥር የሚረገጥ ሰፊ መወጣጫ ነበራቸውና መወጣጫውን ከኮምፔርሳቶ ይሠሩት ጀመር። ዝናብ ሲመታው ንብርብሩ እንደ እርጥብ መጽሐፍ ተገለጠ። አቤቱታው በዛ፣ አምራቾቹም ወደ ብረት ዞሩ። ገበያው መጣሁ ሲል የሚቀረው ሁልጊዜ በሙጫው ምክንያት ነበር። ያም ሆኖ ሥራው ሰው ይስብ ነበር። በ1921 ኦሊምፒያ ከተማ ውስጥ 125 ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር አዋጥተው የራሳቸውን ፋብሪካ አቋቋሙ፤ ባለቤቱም ሠራተኛውም እነሱ። ፋብሪካው ከሰላሳ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ለትልቅ ኩባንያ ተሸጠ።

በእነዚያው ዓመታት ደቡብ ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ሎረል በምትባል ከተማ፣ ዊልያም ሜሰን የሚባል የቶማስ ኤዲሰን የቀድሞ ባልደረባ ከመሰንጠቂያ ፋብሪካ የሚጣለው ቁርጥራጭ እያንገበገበው ነበር። እንጨቱን በከፍተኛ ግፊት በእንፋሎት ሞልቶ በድንገት ሲለቀው ይፈነዳና ጭረት ጭረቱ ብቻ ይቀራል። ከዚህ ለስላሳ የግድግዳ መከላከያ ለመሥራት መጨመቂያው ላይ አስቀመጠውና ምሳ ሊበላ ሄደ። የእንፋሎቱ ማጥፊያ ያፈስ ነበር። ሲመለስ ለስላሳውን ሳይሆን ጠንካራ፣ ቡናማ፣ አንድ ፊቱ እንደ መስታወት የለሰለሰ ስስ ሉህ አገኘ። ሙጫ እንኳ አልነበረበትም፤ እንጨቱ በራሱ የተፈጥሮ ማያያዣ ተያይዟል። ማሶናይት የሚባለው ይህ ነው።

ኮምፔርሳቶን የታደገው የኬሚስት ሥራ ነው። ሊዮ ቤክላንድ ባኬላይትን የፈጠረው በ1907 ነበር፤ ከፊኖልና ከፎርማልዴሃይድ የሚሠራ፣ አንዴ ከደረቀ የማይቀልጥ ሙጫ መሰል ነገር። በ1934 በዋሽንግተን ግዛት አበርዲን ከተማ ጄምስ ኔቪን የተባለ የፋብሪካ ኬሚስት ሰሌዳን የሚያጣብቅ፣ ውሃ ጨርሶ የማይፈታው ሙጫ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ውጭ መዋል፣ ጣራ መሆን፣ ጀልባ መሆን ቻለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ደግሞ አውሮፕላን ሆነ። እንግሊዞች ከበርች ኮምፔርሳቶና ከባልሳ የሠሩት ሞስኪቶ የተባለው አውሮፕላን ከ7,700 በላይ ተመርቷል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቻርልስና ሬይ ኢምስ ሰሌዳውን በሙቀት አጥፈው ለባሕር ኃይል ቁስለኞች የእግር መደገፊያ ሠሩለት፤ 150,000 ገደማ። ከጦርነቱ በኋላ ያንኑ እጥፋት ወንበር አደረጉት፣ ያስታወሳቸውም ወንበሩ ነው።

ወታደሮቹ ሲመለሱ ቤት ፈለጉ። በአሜሪካ በ1944 ሰላሳ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ በ1954 መቶ አንድ ሆኑ፣ ምርታቸውም ወደ 4 ቢሊዮን ካሬ ጫማ ተጠጋ። የሰሌዳው መጠን 4 ጫማ በ8 ጫማ ሆኖ የጸናው የአሜሪካ ቤት አሠራር ስለተመቸው ነው። የግድግዳው ቋሚ እንጨቶች በ16 ኢንች ርቀት ይቆማሉ፤ 48 ኢንችም 96 ኢንችም ለ16 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ሠራተኛው መጋዝ ሳያነሳ ሉሁን አስጠግቶ ይመታዋል። አዲስ አበባ ውስጥ አናጢ ሱቅ ገብቶ "አንድ ሉህ" ያለ ሰው የሚሰጠው 122 በ244 ሴንቲ ሜትር፣ አይቶት የማያውቀው የአሜሪካ ቤት ምሰሶ የወሰነለት መጠን ነው።

ጀርመን ውስጥ ሐሳቡ በሌላ መንገድ ሄደ። ማክስ ሂመልሄበር የጦር አውሮፕላን አብራሪም እንጨት ሠሪም ነበር። ከተቆረጠ ዛፍ ውስጥ ዕቃ ሆኖ የሚያልቀው ከ40 በመቶ በታች መሆኑን ሲያስላ አላስቻለውም። በ1932 ቅርፋፊን በሙጫ ጨምቆ ሰሌዳ ለማድረግ መብት አስመዘገበ፤ በጦርነቱ መሐል፣ በ1941፣ ብሬመን ላይ የመጀመሪያው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ እንጨት ያለቀባት፣ ቤት የፈረሰባት አውሮፓ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። እኛ ችፑድ የምንለው ይህን ነው። ሰጋቱራና ቅርፋፊ ዋጋ ያገኙት ያኔ ነው፤ ትናንት ለእሳት የሚሰጥ ነገር ዛሬ በቶን ይሸጣል። ማይጨው የተተከለው ፋብሪካም ያንኑ ዘዴ በባህር ዛፍ ነው የሠራበት። ችፑድ ጥርስ የለውም፣ ሚስማር አይዝም፣ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል፤ የሚሰድቡት አናጢዎች እውነት አላቸው። ግን ርካሽና ጠፍጣፋ ነው። በ1979 የስዊድኑ ኢኬያ ቢሊ የሚባለውን የመጽሐፍ መደርደሪያ ከችፑድ ሠርቶ፣ ተፈታቶ በካርቶን የሚታሸግ አደረገው፤ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር መደርደሪያ ተሸጠ።

ኤምዲኤፍ ከዚህ የተወለደ ታናሽ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ዲፖዚት በምትባል ትንሽ ከተማ ተጀመረ። እንጨቱን እስከ ጭረቱ ፈትተው በሙጫ ይጨምቁታል፤ እንደ ቅቤ ይቆረጣል፣ ቀለም ይቀበላል። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ የወጥ ቤት ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ።

ትልቁ ግልበጣ የመጣው ከካናዳ ነው። በሰሜኑ ሜዳ አስፐን የሚባል ቅጠሉ የሚንቀጠቀጥ ዛፍ ሞልቷል፤ ጠማማና ቶሎ የሚበሰብስ በመሆኑ እንጨት ሠሪው ይጠየፈዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሳስካችዋን ውስጥ ይህን ዛፍ እንደ ቺፕስ ቆራርጦ የሚጨምቅ ፋብሪካ ተከፈተ። አርሚን ኤልመንዶርፍ የተባለ መሐንዲስ ደግሞ ቁራጮቹ ዝም ብለው ከሚበተኑ ረዘም ተደርገው እንደ ኮምፔርሳቶ ንብርብር አቅጣጫ ይዘው ቢደረደሩስ አለና በ1965 መብቱን አስመዘገበ። በ1982 አልበርታ ውስጥ ኤድሰን ላይ የመጀመሪያው ፋብሪካ ተመረቀ። ኦኤስቢ የሚባለው ሰሌዳ ይህ ነው፤ ፊቱ ላይ የገለባ ምንጣፍ የመሰለ።

ኮምፔርሳቶ በዚያን ጊዜ ወደ ደቡብ እየሸሸ ነበር። በ1964 ፎርዳይስ፣ አርካንሶ ላይ ከደቡብ ጥድ የሚሠራ ፋብሪካ የተከፈተው የዳግላስ ፈሩ ግዙፍ ግንድ እየቀጠነ ስለመጣ ነው። የመጨረሻውን ምት ያሳረፈችው አንዲት ወፍ ናት። በ1990 የአሜሪካ መንግሥት ባለ ነጠብጣቧ የሰሜን ጉጉት የመጥፋት ስጋት ያንዣበበባት ናት ብሎ አወጀ፤ የምትኖረው በአሮጌው ጫካ ነውና በፌደራል መሬት ላይ የሚቆረጠው ዛፍ ክፉኛ ቀነሰ። የሰሜን ምዕራብ ፋብሪካዎች በተራ በተራ ተዘጉ። ሠራተኞቹ ጥፋቱን በጉጉቷ ላይ ጣሉ፤ እኔ ግን የአልበርታው አስፐን ከጉጉቷ ቀድሞ መንገድ ላይ እንደነበር አስባለሁ። በ2000 አካባቢ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የኦኤስቢ ምርት ከኮምፔርሳቶ በለጠ።

በሌላው የዓለም ጫፍ ታሪኩ የዘመቻ መልክ ነበረው። በ1970ዎቹ የኢንዶኔዥያ ሜራንቲ ግንድ እንዳለ ተጭኖ ጃፓን፣ ኮሪያና ታይዋን ይሄድ ነበር። የሱሃርቶ መንግሥት "ግንዱን ሳይሆን ሉሁን እንሽጥ" አለና የግንድ ኤክስፖርትን ደረጃ በደረጃ ቆልፎ በ1985 ሙሉ በሙሉ ዘጋው። ከመቶ በላይ ፋብሪካዎች ተተከሉ፣ ኢንዶኔዥያ የሐሩር አገር ኮምፔርሳቶ ገበያ ጌታ ሆነች። ገበያውን በእጁ የያዘው አፕኪንዶ የተባለ ማኅበር ነበር፤ ማኅበሩን በእጁ የያዘው ደግሞ የፕሬዚዳንቱ የጎልፍ ጓደኛ ቦብ ሃሰን። ማን ስንት እንደሚልክ፣ ለማን፣ በስንት ዋጋ የሚወስነው አፕኪንዶ ነበር። ዋናው ደንበኛ ጃፓን ነበረች። የመቶ ዓመት ዛፍ ቶኪዮ ውስጥ የሲሚንቶ ማፍሰሻ ፎርምወርክ ሆኖ፣ ጥቂት ጊዜ አገልግሎ፣ ቆሻሻ ላይ ይጣል ነበር። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው።

በ1997 የእስያ ምንዛሪ ተናጋ። የዓለም ገንዘብ ድርጅት ለብድሩ ካስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ የኮምፔርሳቶው ሞኖፖል እንዲፈርስ ነበር። ሱሃርቶ በመጋቢት 1998 ሃሰንን የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር አድርጎ ሾመው፤ ሥልጣኑ የቆየው ሁለት ወር ነው። በግንቦት ሱሃርቶ ወደቀ። ሃሰን ጫካን ከአየር ለመለካት በወጣ ፕሮጀክት ማጭበርበር ተከስሶ በ2001 ተፈረደበት፣ ኑሳካምባንጋን በምትባለው የእስር ቤት ደሴት ታሰረ።

ቦታውን ቻይና ወሰደችው፤ በጫካ ሳይሆን በእርሻ። በ1998 የያንግዜ ጎርፍ ካጥለቀለቃት በኋላ ቤጂንግ በብዙ አካባቢ የተፈጥሮ ጫካ መቁረጥን ከለከለች። ሻንዶንግና ጂያንግሱ ውስጥ ግን ገበሬው በማሳው ዳር ፖፕላር ይተክል ነበር፤ በጥቂት ዓመት የሚደርስ፣ ቀጭን ዛፍ። ግንዱን ጫፍና ጫፉን ይዞ የሚያሽከረክር ትልቅ ማሽን ለእንዲህ ያለ ዛፍ አይሆንም። ቻይናውያን ግንዱን ከጎኑ በሮለር እየገፋ የሚያሽከረክር አነስተኛ ማሽን አስፋፉ፤ ዱላ እስኪመስል ድረስ ይልጠዋል። ሊንዪ ከተማ ዙሪያ በየመንደሩ እንዲህ ያለ ማሽን ቆመ። የተላጠው እንጨት በየሜዳው፣ በየመንገዱ ዳር እንደ ታጠበ አንሶላ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሴቶች እየዞሩ ያገላብጡታል። ከዚያ ሌላ መንደር ይገዛዋል፣ ሌላው ያጣብቀዋል፣ ሌላው ከአፍሪካ ወይም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ በመጣ ስስ እንጨት ፊቱን ያለብሰዋል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከዓለም ኮምፔርሳቶ ከግማሽ በላይ የሚሠራው ቻይና ውስጥ ሆነ።

ሙጫው ይህን ጊዜ በሌላ ወንጀል ተጠራ። ለችፑድ፣ ለኤምዲኤፍና ለርካሽ ኮምፔርሳቶ የሚውለው ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ ቀስ እያለ ጋዝ ይለቃል። በ2004 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዴሃይድን ካንሰር አምጪ ብሎ መደበ። በማግስቱ ዓመት ካትሪና የተባለው ማዕበል ቤታቸውን የወሰደባቸው አሜሪካውያን መንግሥት በሰጣቸው ተጎታች ቤቶች ገቡና ዐይናቸው ይቃጠል፣ ጉሮሯቸው ይከረክር ጀመር። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ቁም ሳጥኑ ሁሉ ሙጫ የጠጣ ሰሌዳ ነበር። ካሊፎርኒያ የጋዙን ልክ በሕግ ወሰነች፣ በ2010 አገሪቱ በሙሉ ተከተለች። በ2018 ደግሞ አሜሪካ በቻይና ኮምፔርሳቶ ላይ 183.36 በመቶ የፀረ ርካሽ ሽያጭ ቀረጥ ጣለች። ብዙም ሳይቆይ ከቬትናም የሚመጣው ኮምፔርሳቶ በዛ።

በዚህ ሁሉ መሐል ኦስትሪያ ውስጥ እንጨቱ ተመልሶ ወፍራም እየሆነ ነበር። ግራትስ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጌርሃርድ ሺክሆፈር በ1990ዎቹ ያጠናው ልጣጭን ሳይሆን ሙሉ ጣውላን አቋርጦ ማጣበቅን ነው፤ የሳቃራው ብልሃት በሕንፃ ልክ። ሲኤልቲ ይሉታል። በ2009 ለንደን ውስጥ ሙሪ ግሮቭ ላይ ዘጠኝ ፎቅ ተሠራበት፤ ከምድር ቤቱ በላይ ያለውን እንጨት አራት ሠራተኞች በ27 የሥራ ቀናት ገጣጠሙት። የእንጨት ሕንፃን ቁመት በ2019 ኖርዌይ 85.4 ሜትር፣ በ2022 የአሜሪካዋ ሚልዋኪ 86.6 ሜትር ላይ አደረሱት። እንግሊዝ ራሷ ግን ከለንደኑ የግሬንፌል ሕንፃ ቃጠሎ በኋላ ከ18 ሜትር በላይ በሆኑ መኖሪያ ቤቶች ውጫዊ ግድግዳ ላይ የሚቃጠል ነገር ከልክላለች፤ መንገዱን የጀመረችው አገር ቆማ ታያለች።

የኮሮና ወረርሽኝ ሲመጣ ፋብሪካዎች ቤት የሚሠራ አይኖርም ብለው ምርት ቀነሱ። ሰው ግን ቤት ተቀምጦ ቤቱን ማስፋት አማረው። በ2021 ጸደይ አሜሪካ ውስጥ የኦኤስቢ ዋጋ ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው በብዙ እጥፍ ናረ፤ ጠማማው አስፐን ወርቅ ሆነ። ሳይውል ሳያድር ወረደ።

ከዚያ የዩክሬን ጦርነት መጣ። የአውሮፓ የቤት ዕቃ ሠሪ ሲመካበት የኖረው የበርች ኮምፔርሳቶ አብዛኛው ከሩሲያ ይመጣ ነበር። በመጋቢት 2022 የደን ማረጋገጫ ድርጅቶች የሩሲያንና የቤላሩስን እንጨት "የግጭት እንጨት" አሉት፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የአውሮፓ ኅብረት በሩን ዘጋ። ወዲያው ከካዛኪስታንና ከቱርክ የበርች ኮምፔርሳቶ መምጣት ጀመረ። ካዛኪስታን ውስጥ በርች የለም ባይባልም ያን ያህል ግን የለም። ኅብረቱ መርምሮ በግንቦት 2024 በሩሲያው ላይ ቀድሞ የጣለውን ቀረጥ ወደ እነዚያ አገሮችም አሰፋው። ሉሁ ራሱ ምንም አይናገርም፤ ከየት ጫካ እንደተላጠ ከጠርዙ ላይ የሚታይ ነገር የለም፣ ነጭ ንብርብርና ጥቁር የሙጫ መስመር ብቻ። ታሊን ውስጥ የሉተር ፋብሪካ የነበረበት ሰፈር ዛሬ መኖሪያና ቢሮ ሆኗል።